«የለም» ብዬ የሞላሁልህ ወረቀት

የካቲት 11

ጋሼ፣

እንደምን ከረምክ? እኔ ደህና ነኝ ብልህ ውሸት ነው፤ ደህና አይደለሁም ብልህ ደግሞ «ታዲያ ትምህርቱን ማን ሊማርልህ ነው?» ብለህ ትቆጣኛለህ። ስለዚህ የጤናዬን ነገር እንለፈው።

መልስ ሳልሰጥህ በመቆየቴ ይቅርታ አድርግልኝ። በመጨረሻው ደብዳቤህ የጠየቅኸኝን አልረሳሁም። ሒሳብ ከሃምሳ ሠላሳ ስምንት አመጣሁ። አዎ፣ አርባ እንዳልከው አልሆነም። ብስክሌትህን ለማንም አላዋስኩም። የሚያንጠባጥበው ጣሪያም ተደፍኗል፤ የደፈኑት የወርክሾፕህ ልጆች ናቸው። ለለቅሶ መጥተው በተቀመጡበት ዝናቡ አናታቸው ላይ ጠብ ሲል አንዱ ቀና ብሎ አየ፣ ሌላውም አየ፣ ከዚያ አንድም ቃል ሳይነጋገሩ ተነስተው ወጡ። አለቃህ በጥቁር ኮቱ መሰላል ላይ ወጣ። እማዬ መዶሻው ሲመታ ለቅሶዋን አቋርጣ አዳመጠች። ድምፁ አንተን መስሏት ይሆናል።

የሬሳ ሳጥንህ እንዳይከፈት ታዞ ነበር የመጣው። እማዬ ግን «ፊቱን ልየው» ብላ አስጨንቃ የእንጨቱን ክዳን አስነሳች። ከሥሩ ዙሪያውን የተበየደ ቆርቆሮ ነበር። አለቃህ ጣቱን በብየዳው ላይ አሳለፈና «ጥሩ እጅ ነው የሠራው» አለ። ልጆቹም ራሳቸውን ነቀነቁ። አንተም እዚያ ብትቆም ያንኑ ትል ነበር። ያን ቀን ሁላችሁንም ጠላኋችሁ።

እዚህ ሁሉም የሚረግመው የመጥለቅ አስተማሪህን ነው። አጎታችን ጠበቃ ይዟል። «በያጅ ወስዶ ባሕር ውስጥ የከተተ ሰው መታሰር አለበት» ይላል። እማዬ በየማለዳው ፊቷን ሳትታጠብ ትረግመዋለች። እኔ አጠገቧ ተቀምጬ አሜን እላለሁ።

ጮክ ብዬ ነው የምለው።

ደብዳቤዎችህን በየቀናቸው ደርድሬ አነበብኳቸው። ሁለቱን ለብቻቸው አውጥቻለሁ። የትኞቹን እንደሆነ ታውቃለህ።

ታናሽህ


ከጋሼ፣ በሕይወት ሳለ የጻፈልኝ
ኅዳር 24

ምሁሩ፣

ሰላምታዬ ባለህበት ይድረስህ፤ ለእማዬም ጉንጯን ሳምልኝ፣ ሁለቱንም።

«ባሕሩ ወንዛችንን ያክላል ወይ?» ስትለኝ ረጅሙ እስኪደነግጥ ድረስ ሳቅሁ። ልጄ፣ ወንዛችን እዚህ ቢመጣ እግር መታጠቢያ ነው የሚመስለው። ረጅሙ ያልኩህ ክፍል የሚጋራኝ የአገራችን ልጅ ነው። እሱም በያጅ ነው። እዚህ አምስት ዓመት ስለቆየ ቋንቋቸውን እንደ በቀቀን ይለፈልፈዋል፤ ፊደላቸውን ማንበብ ላይ ግን ዜሮ ነው።

ሳምንቱን ሙሉ ፋብሪካ ውስጥ ነን። አዲሱን የብየዳ ማሽን መፍታትና መግጠም ነው የምንማረው። እሑድ ግን ነፃ ነን። ባሕሩ ዳር አንድ ሽማግሌ መጥለቅ ያስተምራል። ቦምቦላ ጀርባህ ላይ ያስርልሃል፤ አዎ፣ ወርክሾፓችን ውስጥ ያለውን ይመስላል፣ እሱ ግን ያነሰ ነው፣ ውስጡም ያለው ተራ አየር ነው። ላስቲኩን በጥርስህ ትነክሳለህ፤ ከዚያ ዓሣ አጠገብ ቁጭ ብለህ ትተነፍሳለህ። እኔ! በባልዲ ስታጠብ እንኳ ዓይኔን የምጨፍነው ሰውዬ!

አትሳቅብኝና፣ ልማር ነው። አባባ ከሞተ ወዲህ «እፈልጋለሁ» ማለት ረስቼ ነበር። ሽማግሌው ምን ልርዳህ ሲለኝ አፌ በራሱ ተናገረ።

አሁን ወደ አንተ ሥራ እንምጣ። ከመጀመሬ በፊት ይህን አራት ገጽ ወረቀት መሙላት አለብኝ። ቋንቋውን ከመጽሐፍ የተማርከው አንተ ነህ። አንብበው። እኔን የሚመለከት ነገር ካለበት ንገረኝ፤ ከሌለ ሞልተህ መልስልኝ፣ ፊርማው ከእኔ ነው። የፋብሪካውን አስተርጓሚ አልለምንም፤ ለአለቃ ያወራል።

ለእማዬ ትንፍሽ እንዳትል። እኔ ውሃ ውስጥ መግባቴን ከሰማች ቀድማ የምትሰጥመው እሷ ናት።

ጋሼህ


ከጋሼ
ታኅሣሥ 25

ምሁሩ፣

ወረቀቱ ደረሰኝ፤ ያን ዕለት ፈርሜ ሰጠሁ። አራት ገጽ ሙሉ አንብበህ «አንተን የሚመለከት የለበትም» ስትለኝ ገረመኝ። ታዲያ ይህን ሁሉ ወረቀት ምን አስፈጃቸው?

ትምህርቱ የተጀመረው በመዋኛ ገንዳ ነው። የመጀመሪያው ሕግ ትንፋሽህን አትያዝ የሚል ነው። ፈራህም፣ ተገረምክም፣ አትያዝ። ወደ ላይ ስትመለስ ቀስ እያልክ፣ እየተነፈስክ። ሁለተኛው ሕግ ደግሞ አሳቀቀኝ። እኛ አውራ ጣት ስናወጣ «ጥሩ ነው» ማለታችን አይደል? ውሃ ውስጥ «ወደ ላይ ልውጣ» ማለት ነው። እኔ ደስ ባለኝ ቁጥር ጣቴን አወጣለሁ፤ ሽማግሌው ደግሞ ብብቴን ይዞ እየጎተተ ያወጣኛል። ሦስት ጊዜ! በሦስተኛው ለረጅሙ ምን አለው መሰለህ? «ጓደኛህን ደስ እንዳይለው ንገርልኝ።»

ሥር ስትቀመጥ የምትሰማው የራስህን ትንፋሽ ብቻ ነው። ማንም አይጠራህም። እኔ በሕይወቴ ማንም ሳይጠራኝ ሃያ ደቂቃ ተቀምጬ አላውቅም።

ስለ እንግዳው ለጠየቅኸኝ፣ አዎ፣ ሁለት ጊዜ መጥቶ ደረቴ ላይ ተቀምጦ ሄዷል። የሚጠራው የፋብሪካው ጢስ ነው። ውሃ ውስጥ ጢስ የለም። ለእማዬ ግን «ከሄደ ወዲህ አንድ ቀን አልመጣበትም» በላት።

ባሕር የምገባው ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። ፎቶ አስነስቼ እልክልሃለሁ፤ ለክፍልህ ልጆች ያወራኸው ውሸት እንዳይሆንብህ። የሒሳብ ፈተናህን ውጤት ጻፍልኝ፤ ከአርባ በታች አልቀበልም። ብስክሌቴን ለማንም እንዳታውስ። ጣሪያውንም መጥቼ እስክደፍነው ድረስ ከሥሩ ባልዲ አድርጉበት።

ጋሼህ


ከረጅሙ
የካቲት 26

ለጓደኛዬ ታናሽ ወንድም፣

እግዜር ያጽናችሁ። ቀድሜ መጻፍ የነበረብኝ እኔ ሆኜ ሳለ አንተ ቀደምከኝ፤ አፍሬአለሁ። ብዕር ይዤ ስንት ጊዜ ተቀመጥኩ መሰለህ፤ «እንደምን አላችሁ» ብዬ እጽፍና እቀደዋለሁ፤ እንደምን እንዳላችሁማ አውቃለሁ። አንቱታህን ደግሞ ተውልኝ። የረዘመው ቁመቴ እንጂ ዕድሜዬ አይደለም።

ስለዚያ ቀን ከጠየቅኸኝ ውስጥ ጥቂቱን ብቻ እመልሳለሁ። ጀልባው ላይ ነበርኩ። መሰላሉን በራሱ እጅ ይዞ ወጣ። «ደረቴ» አለኝ በቋንቋችን፤ ከዚያ ሌላ አልተናገረም። ሐኪሙ ያለውን የተረጎምኩት እኔ ነኝ። አየሩ ሳንባው ውስጥ መውጫ አጥቶ ታፈነ፤ ወደ ላይ ሲመጣ ደግሞ ተነፋና ቀደደው። «ከድሮ ጀምሮ የመተንፈስ ችግር ነበረበት?» አለኝ። አብሬው ስኖር ሲያፏጭ እሰማው ነበር፤ «ጉንፋን ነው» ይለኝ ነበር። ምን ብዬ ልመልስ? አላውቅም አልኩ።

ሌላውን አትጠይቀኝ። የራት ሰዓት ሲደርስ አሁንም ሁለት ሳህን አወርዳለሁ።

እናታችሁን አደራ። አንድ ነገር ደግሞ በሌላ ወረቀት ለብቻው ጽፌልሃለሁ። እሱን ለማንም ሳታሳይ አንብብና መልስልኝ።

ረጅሙ


መጋቢት 9

ጋሽ ረጅሙ፣

ደብዳቤህ ደርሶኛል፤ እግዜር ይስጥልኝ። እማዬ ደህና ናት፣ ማለቴ ትበላለች።

በሌላው ወረቀት ስለጠየቅኸኝ፣ በመጥለቂያው ፎርም ላይ ያሉትን መልሶች የጻፈው እጅ የማን እንደሆነ አላውቅም። የጋሼ ካልሆነ የአስተማሪው ይሆናል። ተማሪ እንዳያመልጠው ብሎ ራሱ ሞልቶት ጋሼን አስፈርሞት ይሆናል። መርማሪዎቹ እንደዚያ ብለው ከጠረጠሩ የሚያውቁት ነገር ይኖራል። አጎቴም የሚለው ይህንኑ ነው። ጋሼ ለእኔ የላከልኝ ወረቀት የለም።

ፈተና ስላለብኝ ብዙ አልጽፍም።


ከረጅሙ
መጋቢት 23

ወንድሜ፣

ፈተናው እንዴት ነበር? በርትተህ እንደሠራህ ተስፋ አደርጋለሁ። እናታችሁ በመብላታቸው ደስ ብሎኛል።

መርማሪው ሰሞኑን እንደገና አስጠርቶኝ ያን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ዘረጋልኝ። ፊደላቸውን ማንበብ አልችልም፤ ማየት ግን እችላለሁ። ያንተ ፖስታ ኪሴ ውስጥ ነበር። አድራሻዬን በእነሱ ፊደል የጻፍክበት። አላወጣሁትም። ማውጣትም አላስፈለገኝ፤ ስንት ጊዜ አይቼዋለሁ። «ይህን እጅ ታውቀዋለህ?» ሲለኝ አላውቀውም አልኩ። ወደፊትም አልናገርም። የሞተ ጓደኛዬን ወንድም አሳልፌ የምሰጥ ሰው አይደለሁም።

ግን ሁለት ነገር ማወቅ አለብህ።

ሽማግሌውን ከሥራ አግደውታል። ሃያ ሁለት ዓመት አስተምሯል፤ አንድ ሰው ጠፍቶበት አያውቅም። አሁን ባሕሩ ዳር የሰው ጀልባ ቀለም እየቀባ ይውላል። ሳልፍ ያየኛል። ሰላም አይለኝም፣ ፊቱንም አያዞርብኝም፤ ያየኛል ብቻ። ወረቀቱን እሱ እንደሞላው ከወሰኑ ይታሰራል።

ሁለተኛው ይኸውልህ። ሽማግሌው ወረቀቱን ብቻ አምኖ ዝም አላለም። የመጀመሪያው ቀን ገንዳው ዳር ቆመን «የመተንፈስ ችግር፣ የሳንባ ሕመም፣ አስም አለብህ?» ብሎ በቃሉ ጠይቆታል። የተረጎምኩት እኔ ነኝ። ወንድምህ ሳቀ። «ምሁሩ አራቱንም ገጽ አንብቦታል። የሚያሰጋኝ ቢኖርበት ይነግረኝ ነበር። የለም በለው» አለኝ።

እኔም የለም አልኩት።

ይህን እስከ ዛሬ ደብቄሃለሁ፤ ይቅር በለኝ። እስክሞት ድረስ ባልነግርህ ደስ ይለኝ ነበር። ግን አንተ ዝም ካልክ እኔም ዝም ልል ነው፣ ሁለታችንም ዝም ካልን ሽማግሌው ብቻውን ቀረ።

ረጅሙ


ሚያዝያ 6

ጋሽ ረጅሙ፣

የሞላሁት እኔ ነኝ። ስለዋሸሁህ ይቅርታ።

«ለምን?» ብለህ አልጠየቅኸኝም፤ ብትጠይቀኝ ይሻል ነበር። በእኛ ቤት ሕመም ፎርም ላይ አይጻፍም። ጋሼን ከልጅነቱ ጀምሮ ደረቱን ያፍነው ነበር። እማዬ ስሙ እንዲጠራ አትፈቅድም፤ የተጠራ በሽታ ቤት ይለምዳል ትላለች። ስለዚህ «እንግዳው» ነው የምንለው። ትምህርት ቤት የጤና ወረቀት ሲልክ «የለም» ታስጽፋለች። ወርክሾፑ ጋሼን ሲቀጥረውም ፎርሙን የሞላሁት እኔ ነበርኩ፣ እሷ ከኋላዬ ቆማ «የለም በል፣ እሱንም የለም በል» እያለችኝ። አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር። ምንም አልመጣም። ሥራውን አገኘ፣ እኛም በላን።

ስለዚህ እጄ ለምዶት ነው ብልህ ግማሽ እውነት ነው። ሌላው ግማሽ ይኸውና። ሰባተኛውን ጥያቄ፣ ስለ አስም የሚለውን፣ አንብቤዋለሁ። ቃሉን ስለማላውቀው መዝገበ ቃላት አውጥቼ አይቼዋለሁ። ከሥሩ በደቃቃ የተጻፈውንም አንብቤዋለሁ፤ «አዎ» ያለ ሰው የሐኪም ፈቃድ ሳያመጣ ውሃ አይገባም ይላል። ለጋሼ ይህን ብጽፍለት ሐኪም ጋ ይሄዳል፣ ሐኪሙ ይከለክለዋል። እኔ ደግሞ ለክፍሌ ልጆች «ወንድሜ ባሕር ውስጥ ይጠልቃል» ብዬ አውርቼ ነበር። «ያንተ ወንድም? በርሜል ውስጥም አይጠልቅ!» ብለው ሳቁብኝ። ፎቶውን ላሳያቸው እየጠበቅሁ ነበር።

ይኸው ነው። ለፎቶ ብዬ ነው።

ለመርማሪዎቹ በቋንቋቸው እጽፋለሁ። አስቀድሜ ግን ለእማዬ መናገር አለብኝ። እስከዚያ ፖስታዬን አታሳያቸው። ከእኔ ይምጣ።


ሚያዝያ 16

ጋሼ፣

ለእማዬ ነገርኳት። አነጋገሬ ግን አላማረም።

ቅዳሜ ከሰዓት አጎታችን ከጠበቃው ዘንድ የክሱን ወረቀት ይዞ መጣ። እማዬ መነጽሯን አደረገች፣ እስክሪብቶውን ተቀበለች።

«እዚህ ጋ» አላት በጣቱ እያሳየ።

«እማዬ፣ አትፈርሚ» አልኩ።

«አንተ ደግሞ ምን ቤት ነህ? ሂድ፣ የቤት ሥራህን ሥራ!» አለኝ አጎታችን።

«አጎቴ፣ ወረቀቱን የሞላሁት እኔ ነኝ። አስተማሪው አይደለም። ጋሼ ልኮልኝ እዚሁ ጠረጴዛ ላይ ሞላሁት።»

አጎታችን «ሐዘን ነው የሚያቃዠው» አለና ሊያሳልፈው ነበር። እማዬ ግን መነጽሯን አወለቀች።

«ስለ እንግዳው ይጠይቃል?» አለችኝ።

«ይጠይቃል።»

«ምን ብለህ ጻፍክ?»

«የለም ብዬ።»

እስክሪብቶውን ወረቀቱ ላይ ሳይሆን ከወረቀቱ ራቅ አድርጋ አስቀመጠችው።

«እኔ እንደማስጽፍህ» አለች።

እዚህ ላይ ዝም ማለት ነበረብኝ። ወይም «አይደለም እማዬ፣ በራሴ ነው» ማለት። ለረጅሙ የጻፍኩለትን የፎቶውን ነገር መናገር። ጋሼ፣ እኔ ያልኳት ግን «አዎ፣ አንቺ እንደምታስጽፊኝ» ነው። ግማሹን ላሸክማት ፈልጌ። እሷ ሁሉንም ተሸከመችው፤ የእኔ ግን ጥቂት እንኳ አልቀለለኝም። የፎቶውን ነገር በነጋታው ነገርኳት። ሰማችኝ። ለውጥ አላመጣም።

አጎታችን ክሱን አጥፎ ኪሱ ከተተና «መከሰስ የነበረብህስ አንተ ነህ» አለኝ።

እሑድ እማዬ ልብሷን ሻንጣ ውስጥ አደረገች፤ አጎታችን ጋ ልትሰነብት። «ለስንት ቀን ነው?» አልኳት። «እንጃ» አለች። በሩ ላይ ቆም አለችና ሳታየኝ «አልጠላሁህም» አለችኝ። «ግን አንተን ባየሁ ቁጥር የራሴን ድምፅ እሰማለሁ። ጆሮዬ አልቻለውም።» ለጎረቤታችን «ዓይንሽን ጣይበት» ብላ አደራ ሰጥታኝ ሄደች። አስተማሪውን ከዚያ ወዲያ አልረገመችም። ማንንም አልረገመችም። ብትረግመኝ ይሻለኝ ነበር።

ለመርማሪዎቹ የሚሄደውን ደብዳቤ እሑድ ማታ ጨረስኩ። ሦስት ገጽ ሆነ። ስሜን፣ ዕድሜዬን፣ የትምህርት ቤቴን ስም ጻፍኩ። መዝገበ ቃላት ብዙ ጊዜ ማየት ነበረብኝ፤ «ሆን ብዬ» የሚለውን ቃል አላውቀውም ነበር።

ዛሬ ሰኞ ነው። ብቻዬን አድሬ የነቃሁበት የመጀመሪያው ጠዋት ስለሆነ ልንገርህ።

የነቃሁት ዘግይቼ ነው። እስከ ቅዳሜ ድረስ የሚቀሰቅሰኝ የእማዬ እርግማን ነበር፤ አሁን ቤቱ ጭጭ አለ። ፊቴን ታጠብኩ። የትናንት ዳቦ ነበር፣ በቁሜ በላሁት። የሸሚዜን ኮሌታ በእርጥብ ጨርቅ ጠራረግሁ። ፖስታ ቤት የሚከፈተው ሁለት ሰዓት ላይ ነው፤ የትምህርት ቤታችን በር የሚዘጋውም በዚያው ሰዓት ነው። ወደ ፖስታ ቤት ሄድኩ።

በመስኮቱ የተቀመጠችው ሴትዮ ደብዳቤውን በእጇ መዘነችና «በተራ ነው በአደራ?» አለችኝ። በአደራ አልኳት። «ጠፋ ብለህ ኋላ እንዳትመጣብኝ» አለች፤ ማኅተሙን ሁለት ጊዜ መታችበት፤ ከኋላዋ ያለው ቅርጫት ውስጥ ጣለችው። ትንሽ ቆሜ አየሁት። «ሌላ ፈልገህ ነው?» አለችኝ። ወጣሁ።

ትምህርት ቤት ስደርስ አርፋጆቹ በበሩ አጠገብ ተሰልፈዋል። ተቆጣጣሪው ዱላውን ብብቱ ሥር ይዞ እያንዳንዱን ምክንያት ይጠይቃል። አንዱ «ታክሲ ጠፍቶ ነው» አለ፤ «ታክሲውን አንተ ነህ የምትነዳው?» አለው፤ ሁሉም ሳቁ። ከጎኔ የቆመው የክፍሌ ልጅ በክርኑ ጎሸም አድርጎኝ «ወንድሜ ሞቶ ነው በለው፣ ይለቅሃል» አለኝ። እውነቱን ነው። ባለፈው ወር ሁለት ጊዜ ብዬው ሁለቱንም ጊዜ ለቆኛል፤ አንዱን ጊዜ እንዲያውም ኳስ ስመለከት ነበር ያረፈድኩት።

ተራዬ ደረሰ።

«አንተስ? ምን ሆነህ ነው?» አለኝ፤ ለሌሎቹ እንዳልጠየቀው በለሰለሰ ድምፅ። መልሱን እያዘጋጀልኝ ነበር።

«አርፍጄ ነው፣ ቲቸር።»

«ማርፈድህንማ አየሁ። ምክንያትህን ነው ያልኩህ። ቤት ደህና አይደለም?»

«ፖስታ ቤት ሄጄ ነው። ሄጄ ነው ያረፈድኩት።»

ትንሽ አየኝ። ከዚያ ግድግዳው ላይ የተደገፈውን ረጅም መጥረጊያ በዱላው አመለከተኝ። ቅጠሉ ብዙ ነበር። ከሰንደቁ ጀምሬ እስከ መጸዳጃው ድረስ ጠረግሁ።